ልጆቻችን ሰሚ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ

 

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ መስጊዶቻችን መቃጠላቸውን፣ የሙስሊሞች ሱቆችም መዘረፋቸውን የዘነጋችሁት አይመስለኝም። ከዚያ አስቀድሞ በቤተ ክርስቲያን እሳት ታየ ተብሎ ነበርና «የለኮሱት ሙስሊሞች ናቸው» የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ወሬውም እንደ ማስረጃ ተቆጥሮ የአላህ ቤቶች ጋዩ። ድርጊቱን አምርረው ያወገዙ ክርስቲያን ወገኖቻችን ብዙ መሆናቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ግን ፍትሕ ማጓደል ይሆንብኛል። እኔን ዛሬም የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ዕለት በዚያ ሕዝብ መካከል «አንተ ራስህ አይተሃል? ካላየህ ማን ነገረህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» ብለው የሚጠይቁ መቶ ወጣቶች ቢገኙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደሉም። የሐዲስ ሊቃውንት ኢስናድ ብለው የሚጠሩት፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ዕውቀት መሠረቱ ይኸው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ አማኞች እንዲያጣሩ ያዛል፤ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተው ኋላ እንዳይጸጸቱ። የተፍሲር ሊቃውንት እንደሚገልጹት ወደ በኒ ሙስጠሊቅ ጎሣ ዘካ ለመሰብሰብ የተላከው ሰው ሳይደርስ ከመንገድ ተመልሶ «ዘካውን ከለከሉ፤ ሊገድሉኝም አሰቡ» የሚል ወሬ አመጣ። ነገሩ ሲጣራ ሰዎቹ በእምነታቸው ጸንተው ተገኙ። አንድ ያልተጣራ ወሬ ሙስሊሙን ከሙስሊም ሊያዋጋ ተቃርቦ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ወሬ አመላላሽ በሌላው ሠፈር ብቻ ያለ የሚመስለው ካለ የራሱን የቴሌግራም ሳጥን ከፍቶ ይመልከት። ስለ አንድ ኡስታዝ የተቆራረጠ ድምፅ፣ ስለ ጎረቤት እምነት ምንጩ ያልታወቀ ተረት፣ «ይህን ለአሥር ሰው ያላስተላለፈ...» የሚል ማስፈራሪያ፤ ይህን ሁሉ እያስተላለፍን ያለነው እኛው ነን።

ማጣራት በቁርኣን የታዘዘ ግዴታ ከሆነ ማጣራትን ማስተማርም ግዴታ ነው። ለመሆኑ ልጆቻችን ይህንን የት ይማሩታል?

የትምህርት ሰዎች የሚያውቁት አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው መሰላል የሰው አእምሮ ሥራ ስድስት ደረጃ አለው። ማስታወስ ከታች ነው፤ ከዚያ መረዳት፣ የተረዱትን በሥራ መተርጎም፣ መተንተን፣ ማቀናጀት፣ በመጨረሻም መመዘንና መገምገም ይከተላሉ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን መሰላል ለፈተና ብዬ ሸምድጄዋለሁ፤ ስለ ማመዛዘን የሚናገረውን ትምህርት በሽምደዳ ማለፌ ዛሬም ያስቀኛል። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። አብዛኛው ትምህርት ቤታችን የመጀመሪያውን ደረጃ ወጥቶ እዚያው ይቀመጣል።

መንዝን፣ ጊሼንና መርሐ ቤቴን ደግሞ እንይ። እነዚህ የሰሜን ሸዋ አገሮች ገደላማና መንገዳቸው አስቸጋሪ ነው፤ የመንዝ ደጋ ደግሞ ብርዳማ፣ ገብስና በግ ኑሮው የሆነ አገር ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌና በዓለም ከተማ የሚኖረው ሙስሊም ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ አብዛኛውም በንግድ የሚተዳደር ነው። ወደ ጊሼ ራቤልና ቁልቁል ወደ ይፋት ሲወረድ ወገናችን እየበዛ ይሄዳል። በደጋው ላይ የተበተነው ሙስሊም ቤተሰብ ልጁን ቁርኣን የሚያቀራለት ሸኽ ለማግኘት ብዙ ይቸገራል። በዚህ ላይ የዓመታቱን መከራ ጨምሩበት። መጋቢት 7 ቀን 2012 በኮሮና ሳቢያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ዘለቀ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። በእነዚህ ዓመታት ያደገ ልጅ ከመምህር ፊት የተቀመጠበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ስልክ ግን በእጁ አለ። ኔትወርክ ባይኖር እንኳ ሚሞሪ ካርድ በገበያ ቀን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ስለዚህ ጥያቄው «ልጆቻችን በዘመናዊ መገናኛ ይማሩ ወይስ አይማሩ» የሚል አይደለም። ወደድንም ጠላንም እየተማሩ ነው። ጥያቄው ማሰብን ይማራሉ ወይስ መስማትን ብቻ የሚለው ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ ያለፈችበትን ማስታወስ ይጠቅማል። በሐምሌ 1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ፊደል አስቆጥሯል፤ ሬድዮም አግዞታል። ዓላማው ግን ማንበብና መጻፍ ነበርና ከዚያ በላይ አንጠይቀው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» የምንለው የሳተላይት ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ የተቀረጸው በእንግሊዝኛ ነው። በመስኮቱ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ከዚያ ተማሪው ገባውም አልገባው መልሱን ተናግሮ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እጁን ያወጣውን ልጅ የሚያይበት ዓይን የለውም። የክፍሉ መምህርም ማሽኑን አቁሞ «ቆይ፣ ይህን እንነጋገርበት» ማለት አይችልም ነበር። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ያ ዘመናዊ መሣሪያ ከአሮጌው ሽምደዳ አላወጣንም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላ ዓይነት ሙከራም አለ። አንዲት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለ የልጆች ዝግጅት በአማርኛ በቴሌቪዥን አቀረበች። ባለታሪኳ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት። የማታውቀው ነገር ሲገጥማት ትጠይቃለች፤ ትሞክራለች፤ ትሳሳታለች፤ እንደገና ትጠይቃለች። ያቺ ቀጭኔ ለልጅ የምታሳየው መልሱን ብቻ ሳይሆን ወደ መልሱ የሚኬድበትንም መንገድ ነው። ትንሽ ገንዘብና ትንሽ ካሜራ ትልቁ ፕላዝማ ያልሠራውን ሠሩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራ የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለሚኖሩ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት ኮምፒዩተር በካርቶን እንደታሸገ ያለ አስተማሪ ሰጠ። ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ የተቆለፈውን ካሜራ ከፍተው መጠቀም ቻሉ። ይህ ወሬ ዓለምን አስደምሟል። እኔ ግን የገረመኝ የዓለም መገረም ነው። የአገራችን እረኛ ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ታብሌት መላክ ያስፈልግ ነበር? ይሁንና ከዚህ ሙከራ አንድ ነገር እንማራለን፦ መሣሪያው ጉጉትን ይቀሰቅሳል። ጉጉትን ወደ ማመዛዘን የሚያሻግር ግን ሰው ነው። ሕንዳዊው ሱጋታ ሚትራም እ.ኤ.አ. በ1999 በዴልሂ ግድግዳ ላይ ኮምፒዩተር ገጥሞ የሠፈር ልጆች ብቻቸውን ሲማሩ ካየ በኋላ በሌላ መንደር ሙከራው ያስገነዘበው ይህንኑ ነው። ትምህርቱን የማታውቅ ግን ከልጆቹ ኋላ ቆማ «ይህን እንዴት አገኛችሁት? እስቲ አሳዩኝ» የምትል አንዲት ወጣት ስትመደብ የልጆቹ ውጤት በግልጽ አደገ። እያንዳንዷ የመንዝ አያት ይህን ሥራ መሥራት ትችላለች።

ደጋው በማሰብ ድሃ ነው ብሎ የሚነሳ ካለም ተሳስቷል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የተባለ መጽሐፋቸውን ያሳተሙት መንዝ ውስጥ ኖረው ካጠኑ በኋላ ነው። የጎረቤቶቻችን የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ አይመሰገንም፤ በየጊዜው አዲስ ማፍለቅ አለበት። ብሉም በመሰላሉ ላይኛው ክፍል ያስቀመጠውን ያ ልጅ ቁራሽ እየለመነ ይሠራዋል። የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀውም የመንዝ ገበሬ የመረጠው የቄሮ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለስንት ዓመት ይዘጋ፣ መቼ ይከፈት፣ ድርቅ ቢመጣስ ብሎ ማመዛዘን ትምህርት ቤት ያልገባ ሽማግሌ ሥራ ነበር። በእኛም በኩል በወሎና በይፋት የኖረው የደረሳ ሥርዓት ሙጣለዓ የሚባል ድንቅ ልማድ አለው። ደረሳው ከሸኹ ፊት ከመቅረቡ በፊት ኪታቡን ከጓደኛው ጋር ተቀምጦ ይመረምራል፤ ይከራከራል፤ ያልገባውን ይዞ ይቀርባል። ካሴቱ፣ ሲዲው፣ ሚሞሪ ካርዱ ሲመጣ የጣልነው ሙጣለዓውን ነው። ደርሱን ይዘን ክርክሩን ጣልነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የማስተማር ስልት አለ። ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ቀን ለባልደረቦቻቸው ቅጠሏ የማይረግፍ፣ በሙስሊም የምትመሰል ዛፍ ማን እንደሆነች ጥያቄ አቀረቡ። ሰዎቹ ስለ በረሃ ዛፎች ማሰብ ጀመሩ። ትንሹ ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ተምር መሆኗ በልቡ መጣለት፤ ነገር ግን ታላላቆች በተቀመጡበት መናገር አፈረ። ኋላ ለአባቱ ሲነግረው ዑመር (ረ.ዐ.) ተናግረኸው ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሀብት ይልቅ ደስ ይለኝ ነበር አሉት። ወላጆች ሆይ! በየቤታችን ስንት ዐብዱላህ አፍሮ ተቀምጧል? «ልጅ በአዋቂ ፊት አይናገርም» እያልን ዝም ያሰኘነው ልጅ ነገ የሰማውን ሁሉ ያለ ጥያቄ ቢቀበል ማንን እንወቅስ?

ሁለተኛውን ሐዲስ በተመለከተ ያጋጠመኝን ላውጋችሁ። በነሐሴ 2012 ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ ለሥራ ወደ ጊሼ ራቤል ሄጄ ነበር። በገበያው ልብስ የሚሸጥ አንድ ወንድማችን ቤቱ ወስዶ ቡና አስፈላልኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጁ በግ ጠባቂ ነው። በስልኩ ሚሞሪ ካርድ የአንድ ዕውቅ ዳዒ ትምህርቶች አሉት፤ ከአንዱ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚሆነውን ቃል በቃል፣ ከነሳሉ፣ ወጣልኝ። አባቱ በደስታ ፈካ። «ማሻአላህ፤ ለመሆኑ ኡስታዙ ያኛው ወገን ተሳስቷል ያሉበት ምክንያት ምንድን ነው?» አልኩት። ልጁ ዝም አለ። አባቱን አየ። «ምክንያቱንማ ኡስታዙ ያውቃሉ፣ ጋሼ» አለኝ።

ደግ መልስ ነበር፤ አስደነገጠኝ እንጂ። ከዚያ ነገሩን ወደ በጎቹ አዞርኩት።

«በጎቻችሁ ምን ዓይነት ናቸው?»

«ነጭም፣ ዳለቻም አለ።»

«ከነጭ አውራና ከነጭ እናት ጥቁር ግልገል ተወልዶ ያውቃል?»

«አዎ፣ ዘንድሮም ተወልዷል።»

«ከየት መጣ?»

ትንሽ አሰበና «ዘር ይስባል። የቅድመ አያቷ ይሆናል» አለኝ።

ልጁ ሳያውቀው የመለሰው ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ አንድ የበረሃ ሰው የመለሰውን ነው። ያ ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ ወልዳበት ተጠራጥሮ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። እርሳቸው አልተቆጡትም፤ ፍርድም አላስቀደሙም። ግመሎች እንዳሉት ጠየቁት፤ ቀለማቸውን ጠየቁት፤ በመካከላቸው ዳለቻ እንዳለ ጠየቁት፤ ዳለቻው ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ሰውየው ምናልባት የዘር ነገር ስቦት ይሆናል ሲል የልጅህም ነገር እንዲሁ ይሆናል አሉት። የአንዲት ሴት ክብርና የአንድ ልጅ ዕጣ በአራት ጥያቄ ዳነ። ይህንን ሐዲስ ለልጁ ስነግረው ዓይኑ በራ። ቀጥሎ እርሱ ይጠይቀኝ ጀመር፤ አባቱ «እንግዳውን አታድክም» እስኪለው ድረስ ያላነሳው ጥያቄ አልነበረም።

እዚህ ላይ ወንድሞች የሚያነሱት ስጋት አለ። «ልጅን ጠያቂ አድርገህ ስታሳድገው ዛሬ ኡስታዙን ነገ ዐቂዳውን ይጠይቃል» ይላሉ። ስጋቱ ባዶ አይደለም። የሰው አእምሮ የማይደርስበት የገይብ ነገር አለ፤ ሸይጧን «ጌታህን ማን ፈጠረው» እያለ ሲጎተጉት ቆም ብሎ በአላህ መጠበቅ እንደሚገባ ነቢያችን አስተምረውናል። ይህን ድንበር ለልጁ ማሳየት ራሱ የማሰብ ትምህርት ነው። ነገር ግን ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ጌታቸው ሙታንን እንዴት ሕያው እንደሚያደርግ እንዲያሳያቸው ሲጠይቁ፣ በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 260 እንደተገለጸው፣ ልባቸው እንዲረጋ ፈልገው እንጂ ክደው አይደለም፤ አላህም አሳያቸው እንጂ አልገሰጻቸውም። ያው ቁርኣን አባቶቻችንን ያገኘንበትን እንከተላለን እያሉ ማሰብ የተዉትን ሰዎች ደጋግሞ ይነቅፋል። ጥያቄን የከለከልነው ልጅ ደግሞ ጥያቄው አይጠፋበትም፤ ሌላ ቦታ ይዞት ይሄዳል። በቲክቶክ ላይ የሚጠብቀው ሰው እኛ የምንፈልገው ዓይነት መላሽ ላይሆን ይችላል።

ስልክ ራሱ ፊትና ነው ለሚሉት ረጅም መልስ የለኝም። ካሴትንም ቴሌቪዥንንም እንዲሁ ብለን ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒካራጓ ሒሳብን በሬድዮ ያስተማሩ ባለሙያዎች አንድ ቀላል ዘዴ ተጠቅመዋል። ሬድዮው ይጠይቃል፤ ከዚያ ለጥቂት ሴኮንዶች ዝም ይላል፤ ልጆቹ ጮክ ብለው ይመልሳሉ። ዛሬ ሚንበርን፣ ነሲሓንና አፍሪካን የመሳሰሉ ቴሌቪዥኖች አሉን፤ የዩቲዩብ ገጾቻችንም ቁጥር ስፍር የላቸውም። አባቶቻችን ያላዩት ጸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ከዚህ ሁሉ መካከል ጠይቆ ዝም የሚል ዝግጅት ስንት አለ? ዳዒው ይጠይቃል፤ ትንፋሽ ሳይወስድ ራሱ ይመልሳል፤ ልጁ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

እኔ የማስበው ይህን ነው። ከአሥር ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ ቅጂ በመንዝና በይፋት አማርኛ ይዘጋጅ፤ ቪዲዮ ካርድ ይሞላል፣ ባትሪ ይጨርሳል፤ ድምፅ ግን በርካሿ ስልክም ይሰማል። ከሲራ ወይም ከሐዲስ አንድ ታሪክ ይነገር፤ ታሪኩ ፍርድ ላይ ሲደርስ ይቁምና «አንተ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር? ለምን?» ይበል። መልሱ በዚያው ቅጂ ውስጥ አይግባ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጣ። በመካከል ያለው ሳምንት ለበግ ጠባቂዎቹ ክርክር ይሁን፤ ከመስጊድ ደጅ፣ ከቡና ዙሪያ። ተራኪዎቹ ወንዶች ብቻ አይሁኑ፤ እቤት የቀረችው ልጅ የእናት ወይም የእህት ድምፅ ስትሰማ የበለጠ ትናገራለች። በየወሩም አንዱ ቅጂ ስለ ወሬ ይሁን። በአካባቢው በሰሞኑ የተናፈሰ አንድ ነገር ይነሳና ማን አየ፣ ማን ነገረ፣ ከማን ሰማ እየተባለ ይመርመር። ይህኛውን የክርስቲያን ጎረቤት ልጅም አብሮ ቢሰማው የሚከፋው ያለ አይመስለኝም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትነድ ጭሱ ለጊሼ ሩቅ አልነበረም፤ የዚያ አገር ልጆች አንድ ላይ ማጣራት ቢለምዱ የሚጠቅመው ለሁሉም ነው።

ለዚህ ሥራ ስቱዲዮም ፈቃድ ያለው ጣቢያም አያስፈልግም። ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ስልክ፣ ሐዲሱን ከነኢስናዱ የሚያውቅ አንድ ኡስታዝና ከልጅ ጋር መነጋገር የሚችል አንድ መምህር ይበቃሉ። ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ እቤት የዋሉ መምህራንም ጥቂት አይደሉም። ቅጂውን ወደ ራቤልና ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የሚያደርስ ጨርቅ ነጋዴ ደግሞ ከወገኖቻችን መካከል አይጠፋም።